ሔዋን የሸሸገቻቸው ልጆች

የወለጋ ክረምት ረዥም ነው። በነቀምቴም ሆነ በጊምቢ፣ በነጆም ሆነ በደምቢ ዶሎ፣ ዝናቡ የቤቱን ቆርቆሮ መደብደብ ከጀመረ ቶሎ አያባራም። እንዲህ ባለው ማታ ልጆች ምድጃ ከበው ሲቀመጡ አንዱ በኦሮምኛ «ሂቦ!» ብሎ ይጀምራል፤ አማርኛ በሚነገርበት ቤት ደግሞ «እንቆቅልሽ!» ሲባል «ምን አውቅልሽ!» ተብሎ ይመለሳል። መልሱ የጠፋበት ልጅ «አገር ስጠኝ» ይባላል። እርሱም ወዶ ሳይሆን ተገዶ አንድ አገር ይሰጣል። ጠያቂው በተሰጠው አገር ላይ ነግሦ፣ እንዴት እንደ በላና እንደ ጠጣ፣ እንዴት እንደ ተከበረ ካወራ በኋላ፣ በተሸናፊው ላይ ጥቂት ቀልዶ መልሱን ይነግረዋል። እኛም በልጅነታችን ስንቱን አገር በአንድ ማታ አስረክበን ተኝተናል!

ይህን የልጅነት ጨዋታ ያነሣነው ያለ ምክንያት አይደለም። በሌላው ዓለም ተማሪዎችና ሠራተኞች፣ ወጣቶችና ጎልማሶች በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው፣ በቃል ብቻ አገር እየፈጠሩ፣ በዚያም አገር ውስጥ ከማይታዩ የጫካና የውሃ ፍጥረቶች ጋራ እየተዋወቁና እየተጣሉ የሚያመሹበት ጨዋታ አለ። እነዚያ ፍጥረቶች ከየት መጡ? ወደ ጨዋታውስ ማን አስገባቸው? የእኛዎቹስ ለምን ውጭ ቀሩ? ይህን ጥያቄ እየተከተልን ብንሄድ፣ አንባቢያችን እንደሚያየው፣ መንገዱ ዞሮ ዞሮ ነቀምቴ ያደርሰናል። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመቶች ሁሉ በአውሮጳ አቆጣጠር ናቸው።)

የማይታዩ ጎረቤቶች

እንግሊዞች እነዚህን ፍጥረቶች «ፌሪ» ይሏቸዋል። ቃሉ ከፈረንሳይኛ የመጣ ሲሆን፣ ሥሩ «ፋታ» የተባለው የላቲን ቃል ነው፤ ይኸውም የሰውን ዕድል የሚወስኑትን ኃይሎች የሚያመለክት ነው። ዛሬ በሕፃናት መጽሐፍ ላይ የምናያት፣ የቢራቢሮ ክንፍ ያላትና ጣት የምታህል ቆንጆ ልጅ ግን በኋላ ዘመን ሠዓሊዎች እጅ ያማረች ናት። የድሮው የአየርላንድና የስኮትላንድ ገበሬ የሚያወራላቸው ፌሪዎች አብዛኛውን ጊዜ ቁመታቸው እንደ ሰው የሆነ፣ በኮረብታ ሆድ ውስጥ የሚኖሩ፣ ከብት የሚያረቡ፣ ግብዣ የሚያደርጉ፣ ሲቀየሙም የሚበቀሉ ነበሩ። ገበሬው ስለሚፈራቸው በስማቸው አይጠራቸውም፤ «ደጎቹ ሰዎች» ወይም «ደጎቹ ጎረቤቶች» እያለ በማቆላመጥ ያልፋቸዋል።

ይህ ልማድ ለእኛ እንግዳ አይደለም። በእኛም አገር አንድ ሰው በድንገት ሲታመም «ለከፈው» ወይም «መታው» ይባላል እንጂ፣ ማን እንደ ለከፈውና ማን እንደ መታው አይነገርም። ግሡን እንጠራለን፤ ባለቤቱን እንሸሽጋለን። አራስ ሴት ከቤት ስትወጣ ብረት ትያዝ የሚለውን የእናቶቻችንን ምክር ያልሰማ የለም። የስኮትላንድ እናትም ፌሪዎች ሕፃኗን ወስደው የራሳቸውን ልጅ እንዳይተኩባት ፈርታ በሕፃኑ አልጋ ላይ ብረት ታኖር ነበር።

በአማርኛ ለእነዚህ ሁሉ የሚሆን አንድ የወል ስም የለንም፤ ዘራቸውን ግን ለይተን እናውቃለን። የቦታና የቤተሰብ ጠባቂ ቆሌ አለ፤ በትልቅ ዛፍ ሥር የሚታሰብ የአገር አድባር አለ፤ የየሰው ውቃቢ አለ፤ ዛር አለ፤ ከዐረቦች ጋራ የምንጋራው ጂኒ አለ። እምነቱን የተወ ሰው እንኳ ቃሉን አልተወውም። እጅግ የደነገጠ ሰው «ቆሌው ተገፈፈ» ይባላል፤ ያላማረንን ሰው «ውቃቢዬ አልወደደውም» እንላለን፤ የተከበረውን ሽማግሌ «የሰፈሩ አድባር» ብለን እንጠራዋለን። በየመሥሪያ ቤቱ ወረቀት የሚያመላልስ ዘመናዊ ጸሐፊም በቀን ውስጥ ሳያውቀው ስንት ጊዜ እነዚህን ጎረቤቶች እንደሚጠራ ቢቆጥር ይገረማል።

በወለጋ ደግሞ የኦሮሞ ሕዝብ ተረት የራሱ ፍጥረቶች አሉት። ከሁሉ የታወቀው ሰው በላው ቡልጉ ነው፤ አማርኛ ተናጋሪው «ጭራቅ» ከሚለው ጋራ ይቀራረባል። አያና የሚባለው ግን ከዚህ የተለየ ነገር ነውና ወደ ኋላ ለብቻው እንመለስበታለን።

አንድ ታሪክ በሁለት አገር

ስለ ዛር አመጣጥ በአገራችን የሚነገር አንድ ታሪክ አለ። ሔዋን ሠላሳ ልጆች ነበሯት። አንድ ቀን ፈጣሪ ልጆቿን ሊያይ ሲመጣ፣ ፈርታ ከሁሉ የሚያምሩትን አሥራ አምስቱን ሸሸገችና የቀሩትን ብቻ አሳየች። ፈጣሪም የሸሸገችውን አውቆ፣ የተሸሸጉት እንደ ተሸሸጉ እንዲኖሩ ፈረደ። ከታዩት እኛ ተወለድን፤ ከተሸሸጉት ዛሮች መጡ ይባላል።

አሁን ደግሞ ከዚህ በብዙ ሺህ ኪሎ ሜትር ርቃ በሰሜን አትላንቲክ ውቅያኖስ ውስጥ ወደምትገኘው ወደ አይስላንድ እንሂድ። ዮን አርናሶን የተባለ ሰው የሕዝቡን ተረት ሰብስቦ ከ1862 እስከ 1864 በሁለት ቅጽ በላይፕሲግ አሳትሟል። በአይስላንድ ሕዝብ ዘንድ «ስውሩ ሕዝብ» ስለሚባሉት ፍጥረቶች እንዲህ የሚል ታሪክ ይነገራል። ፈጣሪ አዳምንና ሔዋንን ሊጎበኝ መጣ። ሔዋን ልጆቿን እያጠበች ነበርና ገና ያልታጠቡትን አፍራ ደበቀች፤ ሌላ ልጅ እንዳላት ስትጠየቅም የለኝም አለች። ፈጣሪም ከእርሱ የተደበቁት ከሰው ዓይን ተደብቀው እንዲኖሩ ፈረደ።

ታሪኩ አንድ ነው፤ እናቲቱ ግን ሁለት ዓይነት ናት። የአይስላንዷ ሔዋን የሸሸገችው ያፈረችባቸውን ነው፤ የእኛዋ ሔዋን ግን የሳሳችላቸውን ነው። የእኛ አገር ሰው ልጁን ወይም ከብቱን በሰው ፊት መቁጠር እንደማይወድ፣ ያማረውንም ከዓይን እንደሚሸሽግ ለሚያውቅ አንባቢ ይህ ልዩነት ማብራሪያ አያሻውም። እያንዳንዱ ሕዝብ አንዱን ታሪክ በራሱ እናት ጠባይ ይናገረዋል። በሁለቱም ዘንድ ግን ፍርዱ አንድ ነው፤ የማይታዩት ፍጥረቶች ባዕድ አይደሉም፤ የአንድ እናት ልጆች፣ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ናቸው።

«ታዲያ እውነት አሉን?» የሚል ተማሪ ይኖራል። ለዚህ አንድ የታወቀ ታሪክ እንንገረው። በ1917 በእንግሊዝ አገር፣ ኮቲንግሊ በምትባል መንደር፣ የ16 ዓመትና የ9 ዓመት ሁለት የአክስት ልጆች ከፌሪዎች ጋራ ተነሣን ብለው ፎቶግራፍ አሳዩ። የሸርሎክ ሆምስ ታሪኮች ደራሲ አርተር ኮናን ዶይል ሳይቀር አምኖ በ1920 በመጽሔት ላይ አወጣው፤ በ1922ም መጽሐፍ ጻፈበት። በ1983 ሁለቱ አሮጊቶች ሆነው ሳለ፣ ሥዕል ከወረቀት ቆርጠው በመርፌ አቁመው ፎቶግራፍ እንዳነሡ ተናዘዙ። የስውሩን ፍጥረት መኖር በፎቶግራፍ ሊያረጋግጥ የተነሣ ሊቅ የልጆች መሣለቂያ ሆነ። ሕዝቡ ያወራውን እንደ ሰማ የጻፈ ሰው ግን አላፈረም፤ ሥራውም አልወደቀም። ስለዚህ ዋናው ጥያቄ «አሉ ወይ?» ሳይሆን «የሚነገረውን ማን ጻፈው?» የሚለው ነው።

ሁለት ተርጓሚዎች

በስኮትላንድ፣ አበርፎይል በምትባል ደብር፣ ሮበርት ኪርክ የሚባል ቄስ ነበር። የሕዝቡ ቋንቋ ጌይሊክ ነበርና በ1684 መዝሙረ ዳዊትን በዚያ ቋንቋ በግጥም አሳተመ፤ በ1690ም ሕዝቡ የሚያነበው መጽሐፍ ቅዱስ በለንደን ሲታተም ሥራውን ተቆጣጠረ። ይኸው ቄስ ምእመናኑ ስለ ስውሩ ሕዝብ የሚያወሩትን ሁሉ ሰብስቦ በ1691 አካባቢ ጻፈ። በ1692 ሲሞት የአገሩ ሰው «አልሞተም፤ ምሥጢራቸውን ስላወጣ ወሰዱት» አለ። ጽሑፉ ግን ሳይታተም ከመቶ ሃያ ዓመት በላይ ተቀምጦ በ1815 ወጣ። ዛሬ የስኮትላንድን የድሮ እምነት የሚያጠና ሰው ሁሉ ከእርሱ ይጀምራል።

ከኪርክ ሁለት መቶ ዓመት በኋላ፣ በቀይ ባሕር ዳር፣ በምጽዋ አጠገብ በምትገኘው በእምኩሉ፣ ተመሳሳይ ሥራ ተሠራ። ኦኔሲሞስ ነሲብ በኢሉባቦር ተወልዶ፣ በልጅነቱ ተሰርቆ በባርነት ከተሸጠ በኋላ፣ በ1870 በምጽዋ ነጻ ወጣ፤ በስዊድን ወንጌላዊ ሚሲዮንም ተማረ። የትውልድ ስሙ ሂካ ነበር፤ ትርጉሙም «ተርጓሚ» ማለት ነው። ስሙም ትንቢት ሆነ፤ አዲስ ኪዳን በኦሮምኛ በ1893፣ ሙሉው መጽሐፍ ቅዱስ በ1899 ታተመ፤ ሁለቱም በግእዝ ፊደል የተጻፉ ነበሩ።

ሥራውን አብራው የሠራችው አስቴር ጋኖ ነበረች። እርስዋም በባርነት ተይዛ ወደ ዐረብ አገር ስትጫን በ1886 የኢጣልያ መርከብ አስጥሏት በእምኩሉ ትምህርት ቤት ገባች። ለቃል ያላት ተሰጥኦ የታየው ወዲያው ነው። ለትርጉሙ የሚያስፈልገውን የኦሮምኛ ቃል ሰበሰበች፤ ከዚያም አልፋ አምስት መቶ የሚያህሉ እንቆቅልሾችን፣ ተረቶችን፣ ምሳሌያዊ አነጋገሮችንና ዘፈኖችን ጻፈች። ከእነዚህ ብዙዎቹ በ1894 በእምኩሉ በታተመው የኦሮምኛ መጀመሪያ ማንበቢያ ወጡ።

አንባቢ ሆይ፣ እዚህ ላይ ጥቂት ቆም እንበል። አገሯን የተነጠቀች ልጅ፣ ከትውልድ ቀዬዋ እጅግ ርቃ በባሕር ዳር ተቀምጣ፣ «አገር ስጠኝ» እየተባለ የሚጫወቱትን የአገሯን እንቆቅልሽ ጻፈች። በማያውቁት አገር ለሚያድጉት የባርነት ልጆች በወረቀት ላይ አገር ሰጠቻቸው ማለት ይቻላል።

በ1904 አስቴርና ኦኔሲሞስ ወደ ወለጋ ገቡ። በነቀምቴ ትምህርት ቤት ተከፈተ፤ አስቴርም በዚያ አስተማረች። ኦኔሲሞስ በ1931 በነቀምቴ ዐረፈ፤ አስቴር ጋኖ እስከ 1964 ኖራለች።

ስኮትላንዳዊውን ቄስና የእምኩሉን ሁለት ተርጓሚዎች ያገናኘናቸው በከንቱ አይደለም። ሁለቱም ወገኖች ክርስቲያኖች ነበሩ፤ መጽሐፍ ቅዱስን በሕዝብ ቋንቋ ለማውጣት ተጉ፤ ከዚያው ጋራ የምድጃውን ጨዋታ አልናቁም። ቋንቋ ሙሉ ሆኖ የሚገኘው በምድጃ ዳር ነውና፣ ቃል የሚፈልግ ተርጓሚ ወደዚያ መሄዱ የግድ ነው።

የጠረጴዛው ጨዋታ

አሁን ወደ ጀመርነው ጥያቄ እንመለስ። በ1974 ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን «ዳንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ» የተባለ ጨዋታ በሦስት ትንንሽ መጽሐፎች አወጡ። አጨዋወቱ እንዲህ ነው። ከተጫዋቾቹ አንዱ አጫዋችና ዳኛ ይሆናል፤ የጫካውን፣ የዋሻውን፣ የከተማውን ነገር በቃል ይተርካል። ሌሎቹ እያንዳንዳቸው አንድ ሰው ሆነው ይገባሉ፤ የዚያ ሰው ኃይል፣ ጥበብና ንብረት በወረቀት ላይ በቁጥር ተጽፎ በፊታቸው ይቀመጣል። «ከምንጩ ዳር አንዲት ሴት ተቀምጣለች፤ ምን ታደርጋለህ?» ይላል አጫዋቹ። ተጫዋቹ አሳቡን ይናገራል፤ መሳካቱን ግን ዳይ ተጥሎ ዕጣው ይወስናል፤ ከዳዮቹም አንዱ ሃያ ገጽ ያለው ነው። አሸናፊና ተሸናፊ የለም፤ ታሪኩ እስኪያልቅ ሁሉም አብረው ይጓዛሉ።

ለዚህ ጨዋታ ከወጡት የመጀመሪያ መጽሐፎች ጀምሮ የዓለም ሕዝቦች ተረት ፍጥረቶች ተዘርዝረው ይገኛሉ፤ የዛፍ እመቤቶች ከግሪክ፣ የውሃ ፍጥረቶች ከጀርመን፣ ጂኒዎች ከዐረብ። በ1977 በወጣው ሌላ መጽሐፍ የአየርላንዱ ሌፕሬከንና ማታ ማታ የቤት ሥራ የሚሠራው የስኮትላንዱ ብራውኒ ገብተዋል። በ2021 የወጣው ደግሞ ተጫዋቹ ራሱ ፌሪ ሆኖ እንዲገባ ፈቅዷል። የጨዋታው ደራሲዎች እነዚህን ሁሉ ከአያቶቻቸው ምድጃ አልሰሟቸውም፤ ከመጽሐፍ አነበቧቸው እንጂ። የግሪም ወንድማማቾች ከ1812 ጀምሮ የጀርመንን ተረት ባያሳትሙ፣ የአየርላንድና የስኮትላንድ ሰብሳቢዎች ባይጽፉ፣ ቶልኪንም ያንን አንብቦ የራሱን ታላላቅ ልቦለዶች ባይደርስ፣ ጠረጴዛው ባዶ በሆነ ነበር።

ቡልጉ ለምን በዚያ መድረክ እንደ ሌሎቹ እንዳልታወቀ ከዚህ ይገባናል። ከሌፕሬከን አንሶ አይደለም፤ በብዙ መጽሐፍ አልተጻፈም፣ በብዙ ቋንቋም አልተተረጎመም እንጂ። የተጻፈ ፍጥረት ባሕር ይሻገራል፤ ያልተጻፈ ከተናጋሪው ጋራ ይቀበራል። ዛሬ የነቀምቴ ተማሪ በተንቀሳቃሽ ስልኩ ከሚያየው ፊልም የአውሮጳን ስውር ሕዝብ ጆሮና ልብስ ለይቶ ይነግረናል። ቡልጉ እንዴት እንደሚታለል ጠይቀነው «አያቴ ታውቅ ነበር» ቢለን፣ በዚያች «ነበር» በምትባለው ቃል ውስጥ አንድ ቤተ መጻሕፍት ሲዘጋ ይሰማናል።

ለሳቅና ለጸሎት የሚሆነው

ይሁን እንጂ የሚጻፈው ሁሉ ለጨዋታ ይሁን ማለታችን አይደለም። አያናን ለብቻው ያቆየነው ስለዚህ ነው። በኦሮሞ ባህላዊ እምነት አያና ከዋቃ ጋራ የተያያዘ ነው፤ ሰውም ቢሆን የራሱ አያና አለው፤ በባህላዊው የቀን አቆጣጠር ሃያ ሰባቱ ቀኖች እያንዳንዳቸው የየራሳቸው አያና አላቸው። ይህ ልጆችን ለማሳቅ የሚነገር ተረት አይደለም፤ ዛሬም ሰዎች የሚያምኑበት ነው። አያናን ከቡልጉ ጋራ በአንድ መዝገብ የሚያሰፍር ሰው ሁለቱንም አላወቀም።

ጨዋታ ሠሪዎችም በዚህ ስተዋል። ከላይ ለጠቀስነው ጨዋታ በ1980 የወጣ አንድ መጽሐፍ የጥንት ግሪክንና የግብፅን አማልክት ሲዘረዝር፣ እጅግ ብዙ ሕዝብ ዛሬም የሚያመልካቸውን የሕንድ አማልክት ጨምሮ፣ በውጊያ ስንት ጉዳት እንደሚችሉ በቁጥር አስቀምጦ ነበር። አንዱ ወገን የሚጸልይበትን ሌላው ወገን ዳይ ሊጥልበት አይገባም።

በሌላ በኩል ደግሞ አንዳንድ የተማረ ሰው ከዚህ የተለየ ስሕተት ይሠራል። ቆሌውንም፣ አድባሩንም፣ አያናውንም፣ ቡልጉውንም «ጋኔን» በሚል በአንድ ቃል ጠቅልሎ ያልፋል። የየራሱ ስም ያለው ሁሉ በአንድ ስም ሲጠራ፣ ሔዋን ከሸሸገቻቸው ይልቅ አጥብቀን ሸሸግናቸው ማለት ነው። አስቴርና ኦኔሲሞስ ሃይማኖታቸውን ጠብቀው ሳለ የሕዝባቸውን ቃል በየስሙ መጻፋቸው ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ይሆነናል።

ለወጣቱ የቀረበ ጥያቄ

እንግዲህ ከዚህ ሁሉ በኋላ ነገሩ የሚመለሰው ወደ አንባቢያችን ነው። ወደ ሻምቡ የተመደበው መምህር፣ በመንዲ የጤና ሠራተኛው፣ በጊምቢ የወረዳው ጸሐፊ፣ ማታ ማታ የሚያደርገው አጥቶ ሲያዛጋ፣ ጎረቤቱ ቡና አፍልተው አቦል እየቀዱ ማንም ያልጻፈውን ተረት ያወሩ ይሆናል። ሥራው ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። አንድ ደብተር፣ አንድ እርሳስና ትዕግሥት ይበቃል። የተረከው ሰው ከፈቀደ ስሙን፣ ባይፈቅድም ቦታውንና ዓመቱን መጻፍ፤ ታሪኩን በተነገረበት ቋንቋ እንደ ተነገረ መመዝገብ፤ «ይህ ባይኖር ያምራል» ብሎ አለማረም፤ ከሁሉም በላይ «ይህ ለሳቅ ነው ወይስ ለጸሎት?» ብሎ ተራኪውን መጠየቅ። በነቀምቴ የወለጋ ሙዚየምና ወለጋ ዩኒቨርሲቲ አሉ፤ በአዲስ አበባም ከ1963 ጀምሮ የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም አለ። የተጻፈ ደብተር ማረፊያ አያጣም።

የኪርክ ጽሑፍ ከመቶ ሃያ ዓመት በላይ መጠበቅ የቻለው ተጽፎ ስለ ነበረ ነው። የአያት ቃል ግን እስከ መጪው ክረምት እንኳ ላይጠብቅ ይችላል።

በእንቆቅልሹ ጨዋታ ሕጉ ግልጽ ነው፤ መልሱን ያላወቀ አገር ይሰጣል። የራሳችንን መልስ ካላወቅን እኛም ሳናውቀው አገር መስጠታችን አይቀርም። ልዩነቱ ይህ ነው፤ የምድጃው ዳር አገር በማግስቱ ጧት ይመለሳል፤ ይኸኛው ግን የሚመልሰው የለም።